አርባ ጣት ያረፈበት ወረቀት

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያያዘው ሹፌሩ ማርሽ እየቀየረ ይሳደባል፤ ማንን እንደሚሰድብ ግን አይታወቅም። ቴህራን ከኋላ ቀረች። ከፊት ተራራው፣ ከተራራው ግርጌ ደግሞ እስር ቤቱ አለ። መሽዲ ሰፈርዓሊ ከሹፌሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ሐብሐብ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ሐብሐቡን ማንም እንደማያስገባላቸው እያወቁ ነው የገዙት። ዛሬ ደስ ብሏቸዋልና ባዶ እጃቸውን መሄድ አልሆነላቸውም።

ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነው። መሽሐድ ሄደው የኢማሙን መቃብር ከዘየሩ ወዲህ፣ በአገራቸው በአርደስታን መሽዲ ሳይል የሚጠራቸው የለም። ሙያቸው ቃናት መቆፈር ነው። ውሃ ከተራራ ሥር ተነስቶ እስከ እርሻው ድረስ የሚመጣበትን የምድር ውስጥ ቦይ ይቆፍራሉ፣ ሲደፈንም ይጠርጋሉ። የዚህ ሥራ ሰው ነጭ ለብሶ ነው የሚወርደው፤ አፈሩ ከተናደ የለበሰው ከፈን ይሆነዋል። ሁለት ረከዓ ሳይሰግድ ገመዱን የሚይዝ ቆፋሪም የለም። መሽዲ በሃምሳ ዓመት ሥራቸው ሶላት ያመለጣቸው አንድ ቀን ቢኖር፣ ጉድጓድ ተንዶባቸው ራሳቸውን ስተው የዋሉበት ቀን ብቻ ነው። ያንንም ሲነቁ ከፍለውታል።

«እና ከርበላስ?» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ፤ ሬዲዮኑ ስለ ተኩስ አቁሙ ሲያወራ ሰምቶ ነው። ከኢራቅ ጋር የነበረው ጦርነት ከቆመ ገና አሥር ቀኑ። «ስምንት ዓመት ሙሉ የቁድስ፣ የኢየሩሳሌም መንገድ በኢራቅ፣ በከርበላ በኩል ነው ሲሉን ከረሙ። ምን ሆነ፣ መንገዱ ለጥገና ተዘጋ?»

«ዝም በል፣ ሰው አለ» አለው ጎረቤቱ።

«ያለው ሰው ሁሉ እስረኛ ጠያቂ ነው። ማን ይከሰኛል?»

«እኔ እከስሃለሁ» አለ ሹፌሩ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር። «መጀመሪያ ግን ሒሳብ ክፈል።»

ጥቂቶች ሳቁ። መሽዲ አልሳቁም። የበኩር ልጃቸው ኑሩላህ በዚያ መንገድ ሄዶ ነው ከአራት ዓመት በፊት ረግረግ ውስጥ የቀረው። መንግሥት የምስክር ወረቀት ሰጣቸው፣ ማቀዝቀዣ ሰጣቸው፣ የቤታቸውን መንገድ በልጃቸው ስም ጠራላቸው። ይኸው መንግሥት ታናሹን ሐቢቡላህን ስድስት ዓመት አስሮ ይዞታል። ሐቢብ አስተማሪ ነበር፤ የግራዎቹን በራሪ ወረቀት ሲያድል ተያዘ፣ አራት ዓመት ተፈረደበት፣ አራቱ ዓመት አለቀ። አይፈቱትም። «ንስሐ ገብተህ ስገድ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ በጥፊ አልሰግድም ብሏል። አንድ ልጅ ወስዶ መንገድ የሰጠ መንግሥት ሁለተኛውን ወስዶ ምን እንደሚሰጥ እንግዲህ እሱ ይወቀው።

ከአምስት ሳምንት በፊት ጥየቃ ተዘጋ። ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ልብስ አይገባም። ውጭ አገር ያለው ዓለም በዚያ በጋ የሚያወራው ስለ ባሕረ ሰላጤው ነበር፤ ስለ ነዳጅ መርከቦቹ፣ ስለ ጦር መርከቦቹ፣ ሰው እንደ ጫነ ስለ ወደቀው አውሮፕላን። እነዚህ ጺማሞች ነገ ደግሞ የማንን ከተማ ይመቱ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። ሰላም ፈረሙ ሲባል ዓለም እፎይ ብሎ ፊቱን አዞረ። እነሱም ወደ ውጭ የዞረውን አፈሙዝ ወደ ጓዳ አዞሩት፣ ማንም አላየባቸውም።

መሽዲ ይህን ሁሉ አላሰቡም። እሳቸው ያሰቡት ቀላል ነገር ነው፦ ልጄን የከሃዲ ቤት ልጅ አድርገው ነው የያዙት፣ የማን ልጅ መሆኑን ቢያውቁ ይለቁታል። ስለዚህ የአገራችን ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረጉ፤ የምስክር ወረቀት አስጻፉ። ዳቦ ጋጋሪው ከርበላኢ የዱላህ በመጀመሪያ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አሳረፈ። ከዚያ አናጢው፣ ከዚያ የሬሳ አጣቢው፣ ከዚያ የመስጊዱ ኢማም። አርባ ሰው። ወረቀቱም እንዲህ ይላል፦ የሰማዕት አባት መሽዲ ሰፈርዓሊ ከልጅነቱ ጀምሮ ሶላት አጓድሎ አያውቅም፤ ልጁ ሐቢቡላህም በዚህ ሶላት ጥላ ሥር ያደገ፣ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ የጾመ፣ በመስጊዳችን ቁርኣን የቀራ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ወረቀት ይዘው መጡ። በእስር ቤቱ መስኮት ያለው ዘበኛ፣ ወንድም ሰመዲ ይሉታል፣ «የሰማዕት አባት» የሚለውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ለሐጂዎቹ አቀርበዋለሁ አባቴ፣ ማክሰኞ ይምጡ» አላቸው። ሦስቱን ቀን በእህታቸው ልጅ ቤት ከረሙ፣ ሦስቱንም ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኙ።

ማክሰኞ ዛሬ ነው።

ከሚኒባሱ ሲወርዱ ከግንቡ ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ሰዉ ተበታትኖ ተቀምጧል። የዓሹራ ሐዘን ጥቁር ጨርቅ ገና ከበሩ አልወረደም። መሽዲ ሐብሐቡን ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጡና ከአንዲት ሴት አጠገብ አረፍ አሉ። ሴትየዋ ባለፈው ቅዳሜም እዚሁ ነበረች፤ ማህሙኒር ትባላለች፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ባሏ ሰባት ዓመት ታስሯል። ጥቁር መከናነቢያዋን፣ ቻዶሯን፣ በጥርሷ ይዛ ከቦርሳዋ ወረቀት ታወጣለች።

«አንቺም ምስክር አሰባሰብሽ?» አሏት መሽዲ ፈገግ ብለው።

«አሰባሰብኩ መሽዲ። አሥራ አንድ ሰው አገኘሁ። ስምንቱ የመጠጥ ጓደኞቹ ናቸው።»

«የማን?»

«የአማቴ፣ የባሌ አባት። እየዘፈነ ታር ሲመታ ያድር ነበር፣ ቀን ይተኛል። የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ወደ ምሥራቅ ይሁን ወደ ምዕራብ ሳያውቅ ሞተ። ሰካራም እንደነበር ነው ያስመሰከርኩት። በሕይወቱ ስንት ጊዜ ሰደብኩት መሰልዎት፣ አሁን አፈሩን ብስመው አይቆጨኝም።»

መሽዲ ሐዘን አእምሮዋን የነካት መሰላቸው። «ልጄ፣ በሙት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይመሰከራል?»

ማህሙኒር ዞር ብላ አየቻቸው። «የእርስዎ ወረቀት ምን ይላል?»

ነገሯት። ቃል በቃል ያውቁታል፤ ሦስት ቀን በልባቸው ሲያነቡት ነው የከረሙት። «ሶላት አጓድሎ አያውቅም» እስከሚለው ድረስ ሲደርሱ የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። ቻዶሩ ከጥርሷ ወደቀ።

«ሰጡት?»

«ቅዳሜ ሰጠሁ። ምነው?»

ግራና ቀኝ አየችና ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ወንድሜ ቁም በምትባለው የሃይማኖት መሪዎች ከተማ ነው የሚኖረው፣ ጥምጣም ለባሽ ነው። ለምኜው፣ እግሩ ሥር ወድቄ ነው የነገረኝ። ውስጥ ሐጂዎቹ ዳኛ ሆነው ተሰይመዋል። እስረኛውን አንድ በአንድ ያቀርቡታል። ሙስሊም ነህ? ትሰግዳለህ? ይሉታል። እንደ ሐቢብ ያለው አልሰግድም ይላል። ከዚያ ሦስተኛውን ይጠይቁታል፦ አባትህ ይሰግድ ነበር?»

«አባቱማ ይሰግዳል» አሉ መሽዲ።

«ያዳምጡኝ። አባቱ ሲሰግድ እያየ ያደገ ሰው ሃይማኖቱን አውቆ የካደ ነው ይላሉ። ለእሱ ንስሐ የለውም፣ ገመድ ነው። አባቱ የማይሰግድ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ ሃይማኖት አልነበረውም፣ ምን ይክዳል ይላሉ። እሱን በአምስቱም የሶላት ሰዓት እየገረፉ እስኪሰግድ ይጠብቁታል። ግርፋቱ ይቻላል መሽዲ። ሰው ከግርፋት ይድናል።»

መሽዲ ሃምሳ ዓመት መሬት ውስጥ ሠርተው አንድ ነገር አውቀዋል፤ አፈር ከመናዱ በፊት ጥቂት ጠጠር ትረግፋለች፣ ያኔ ያልሮጠ አይወጣም። አሁን ያ ፍርሃት ነው የያዛቸው፤ የሚሮጡበት ግን የለም። በገዛ እጄ አሉ በልባቸው። በገዛ እጄ፣ በአርባ ሰው ጣት።

ከዚያ ከኪሳቸው መቁጠሪያቸውን አወጡ። በጨርቅ የተጠቀለለችውን፣ ሲሰግዱ ግንባራቸውን የሚያሳርፉባትን የከርበላ አፈርም አወጡ። ሁለቱንም ማህሙኒር እቅፍ ውስጥ አስቀመጡ።

«ያዢልኝ። ኪሴን ከፈተሹኝ እንዳይገኝብኝ።»

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የአንቺ አማት ያደረገውን» አሉና ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ወንድም ሰመዲ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ስኳሩን በጥርሱ ይዟል። ሲያያቸው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንደምን አረፈዱ የሰማዕት አባት። ሰዓቱ ገና ነው እኮ።»

«ወንድም ሰመዲ፣ ያ ወረቀት ውሸት ነው። መልስልኝ።»

«የቱ?»

«ቅዳሜ የሰጠሁህ። እኔ ሰግጄ አላውቅም።»

ሰመዲ ስኳሩን ዋጠው። «አርባ ሰው እኮ ነው የፈረመልዎት።»

«ሰዎቹ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ውሃቸውን የምጠርግላቸው እኔ ነኝ፣ ማን እምቢ ይለኛል? መስጊድ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እጎነበሳለሁ፣ ሰው እንዲያየኝ ነው። የማይሰግድ ቆፋሪ ገመዱን የሚይዝለት የለም። ቤቴ ስገባ እተኛለሁ። ልጄ ሐቢብ ከእኔ ሶላት አይቶ አያውቅም።»

«ግንባርዎ ላይ ያለው ምልክትስ?»

መሽዲ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ። «የቃናት ጣሪያ ነው። ጎንበስ ብለህ ስትሄድ ይመታሃል። ሃምሳ ዓመት መትቶኛል።»

ሰመዲ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ፊቱ ጠጠረ፣ አነጋገሩም ተለወጠ። «አንተ ሽማግሌ፣ ኑሩላህንስ ማን አሳደገው? ከማይሰግድ ቤት ሰማዕት ይወጣል?»

ይህችን አላሰቧትም ነበር። ኑሩላህ ከመሄዱ በፊት ሌሊት ጎን ለጎን ቆመው የሰገዱት ሶላት ትዝ አላቸው፤ የልጁ ትከሻ ትከሻቸውን ነክቶ ነበር። ያንን ልጅ አሁን በዚህ መስኮት ሊክዱት ነው።

«እናቱ ናት ያሳደገችው» አሉ በመጨረሻ። «ከእኔ ምንም አልወሰደም።»

«እሺ» አለ ሰመዲ። «የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሊደርስ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥ፣ ከመስኮቱ እንዳይህ። ከሶላት በኋላ እንነጋገራለን።»

ሄደው ተቀመጡ። ፊታቸው ወደ ቂብላ መሆኑን ሲያዩ ተነስተው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ ጥርጣሬ እንዳይኖር። አዛኑ ከግንቡ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተነሳ። ዘበኞቹ ምንጣፍ ዘረጉ፣ ሜዳው ላይ ያሉት እናቶች ከጄሪካን ውሃ እየተካፈሉ ታጥበው ውዱእ አደረጉ። ጠያቂዎቹ ሁሉ ቆሙ፣ ከእነሱ መሀል መሽዲ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ። ከንፈራቸው ሳያዙት ፋቲሓን ጀመረ፤ ምላሳቸውን ነከሱት። ጉልበታቸው ሊነሳ ፈለገ፣ በሁለት እጃቸው ያዙት። አጠገባቸው የሚኒባሱ ሹፌር ጎማ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል።

«አንድ ስጠኝ» አሉት።

«ያጨሳሉ እንዴ መሽዲ?»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ሲጃራ በሕይወታቸው አፋቸው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጭሱ አነቃቸው፣ ዓይናቸው በእንባ ሞላ፣ ቢሆንም ሳቡት። አንዲት አሮጊት ግንባሯን ከሱጁድ ቀና ስታደርግ አየቻቸውና «ቱ፣ በሰማዕት ልጁ ስም እየበላ» አለች፣ ቀስ ብላም አይደለም። መሽዲ ሰሙ። እፍረቱ ከጭሱ ይልቅ አቃጠላቸው። በልባቸው የሰውን ሶላት ተከትለው ቆጠሩ፤ አንድ ረከዓ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አላህ ሆይ፣ ይህችን በእኔ ላይ ጻፋት፣ በእሱ ላይ አትጻፋት አሉ። ጸሎት መሆኑ ትዝ ሲላቸው እሱንም አቋረጡት።

ሶላቱ አለቀ። ሰመዲ ከመስኮቱ ጠፍቶ ቆየና በትንሿ በር ብቅ አለ። በእጁ የፕላስቲክ ከረጢት ይዟል። መሽዲ ከረጢቱን ሲያዩ ሲጃራው ከጣታቸው ወደቀ። ውስጡ ሸሚዝ፣ ነጠላ ጫማና አንድ እግሩ በክር የታሰረ የሐቢብ መነጽር ይታያል።

«እዚህ ፈርም» አለ ሰመዲ። «መፈረም ካልቻልክ ጣትህን አሳርፍ።»

«ልጄን አምጣልኝ። አየኸኝ አይደል? አልሰገድኩም።»

«አየሁህ። ልጅህ ባለፈው ሐሙስ ለሐጂዎቹ፣ አባቴ ቂብላ የት እንደሆነ አያውቅም ብሎ ነበር። ለጅራፍ ነበር የተጻፈው። ሁለት ቀን ተገርፏል፣ ሊሰግድም ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከዚያ ያንተ ወረቀት መጣ። ሐጂዎቹ ዋሸን ብለው ተቆጡ። እሑድ አለቀ።»

መሽዲ ግንቡን ያዙ። ልጃቸው መንገዱን አውቆት ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ መውጫዋን ብቻውን ፈልጎ አግኝቷት ነበር። የደፈኑበት እሳቸው ናቸው።

«እሑድ ካለቀ» አሉ፣ ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም፣ «ዛሬ ለምን አስቀመጥከኝ?»

ሰመዲ ትከሻውን ነቀነቀ። «እስከ ምን እንደምትደርስ ለማየት ፈልጌ ነው። ፈርም። ሐዘን መቀመጥ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ መቃብሩን አትጠይቅም። የሰማዕት አባት ባትሆን ኖሮ ያሁኑ ክህደትህም ያስጠይቅህ ነበር።»

መሽዲ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳረፉ።

ማህሙኒር ሮጣ መጣች፤ ከረጢቱን አየች። መቁጠሪያውንና አፈሩን እጃቸው ላይ አስቀምጣ ጣታቸውን አጠፈችላቸው። «ምን ልበልዎት አባቴ» አለች። «ምንም የለኝም።» ከዚያ የሰካራሙን ወረቀት ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተራዋ ደርሶ ነበር። ሐብሐቡ ጥላው ሥር ቀረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አውቶብሱ አርደስታን አደባባይ አወረዳቸው። ከረጢቱን ከኮታቸው ሥር ደብቀውታል። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጡት ሰዎች ገና ከሩቅ አዩአቸውና ተነሱ፤ ከርበላኢ የዱላህ በዱቄት እጁ እየሮጠ መጣ። ከኋላው አናጢው፣ ከኋላው የሬሳ አጣቢው። ወንበር አቀረቡላቸው፣ ሻይ አዘዙላቸው። አምስት ቀን ሙሉ ሲጠብቋቸው ነው የከረሙት። ከዚህ በፊት ለመንግሥት ቢሮ ቃላቸውን ሰጥተው አያውቁምና የሆነ ኩራት ይዟቸዋል።

«ወረቀታችን ደረሰ መሽዲ?» አለ ከርበላኢ።

መሽዲ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ደጋግ ፊቶች ናቸው። አርባ ዓመት ገመዳቸውን የያዙላቸው፣ ሲናድባቸው ቆፍረው ያወጧቸው ሰዎች ናቸው። እውነቱን ብነግራቸው ከነገ ጀምሮ አንዳቸውም ጣታቸውን ማየት አይችሉም ብለው አሰቡ።

«ደረሰ» አሉ።

«አነበቡት?»

«አነበቡት። ቃል በቃል።»

«አመኑን?»

«አመኑ» አሉ መሽዲ። «አንዱንም ቃል አልተጠራጠሩም።»

«አልሓምዱሊላህ» አለ ከርበላኢ፤ ዓይኑ በእንባ ሞላ። «ብዬህ አልነበር አንተ» ብሎ ወደ አናጢው ዞረ፣ «እውነት ከተመሰከረ ማን እምቢ ይላል? መሽዲ፣ እስኪፈቱት ድረስ እንጨምርበት። ከታችኛው ሰፈርም ሰው አለ፣ ከጎረቤት ከተማ ከዛቫሬም እናስመጣለን። መቶ እናደርገዋለን።»

መሽዲ ሻዩን ሳይቀምሱ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«አያስፈልግም ከርበላኢ» አሉ። «አርባው በቂ ነበር።»